ባለ ሠላሳ ሁለት ኪሎው ጨቅላ

ሰኞ፣ ኅዳር 3

ጉልበቴ ዛሬም አመመኝ። የሆስፒታሉ ሊፍትም ዛሬ አይሠራም። ቢሮዬ ሦስተኛ ፎቅ… በየእርከኑ እየቆምኩ ግድግዳ አነባለሁ። "እጅዎን ይታጠቡ" የሚለውን ማስታወቂያ በቃሌ ይዤዋለሁ።

ጨቅላዎች ክፍል አዲሱ ሚዛን ተገጠመ። ጭብጨባ ነበር አሉ። ዳይሬክተሯ ሪባን ቆርጣለች፣ አለቃዬ ፎቶ ተነሥቷል። እኔ በጉልበቴ አሳብቤ ቀረሁ። የሚያጨበጭብ ሰው መቼ ጎድሏቸው ያውቃል?

አለቃዬን "ቶሎቶሎ" ያልኩት እኔ ነኝ። ልጄ ይሆናል በዕድሜ። "እትዬ፣ ቶሎ ይበሉልኝ" ሳይል የገባበት ቀን ትዝ አይለኝም። አንድ ቀን "እንደምን አደሩ" እንኳን ቶሎ ቶሎ ብሎት "እንደሩ" ሆኖ ወጣ።

አዲሱ ሚዛን ክብደቱን በገመድ በቀጥታ ለፕሮግራሜ ይልካል። ፕሮግራሜ ክብደቱን አይቶ የመድኃኒቱን መጠን ያሰላል፣ ወረቀት ያትማል፣ ነርሷ ወረቀቱን አይታ ትሰጣለች። በቃ ይኸው ነው። ሃያ አራት ዓመት ይህንኑ ሲሠራ ኖረ። በኮቦል ነው የጻፍኩት፣ በድሮው የኮምፒውተር ቋንቋ። ኮቦል ስል ወጣቶቹ ይስቃሉ። ይሳቁ! የነሱ በወር ሁለቴ ይወድቃል፣ የኔ ቆሟል።

እስከ ትናንት ክብደቱን የሚጽፉት ነርሶቹ ነበሩ። ሁለት ቁጥር፣ ነጥብ፣ ሁለት ቁጥር። ሦስት ኪሎ ተኩል ከሆነ 03.50። ከፊት ያለችውን ዜሮ እንዳይረሱ ከክፍል ክፍል እየዞርኩ ስንት ዓመት ለፈለፍኩ። "እትዬ ዜሮ" ያሉኝ በዚህ ነው። ፊት ለፊት አይሉኝም… እሰማለሁ እንጂ።

ጡረታ አሥራ አራት ወር ቀረኝ። እቴቴ ማታ በራት ላይ "ቤት ስትውዪ ማንን ልትጨቀጭቂ ነው?" አለችኝ። ታላቄ ናት፣ ልብስ ሰፊ፣ አብረን ነው የምንኖረው። አንቺን ነዋ፣ አልኳት። "እኔማ መርፌ አለኝ" አለች።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 4

ጨቅላዎች ክፍል አንድ ነገር ተፈጥሯል። ደረጃ ላይ ሁለት ጽዳቶች ሲያወሩ ጆሮዬን ጣል አደረግሁ። ትናንት ከሰዓት ለአንድ ሕፃን መድኃኒት በዝቶበት… ከተኛ አልነቃም… ነርሷ ታግዳለች። ምስኪን።

ሕፃኑን ነው ነርሷን? ሁለቱንም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 5

ልጻፈው። ቀስ ብዬ፣ ከመጀመሪያው።

ጠዋት ቶሎቶሎ ወረቀት ይዞ መጣ። "እትዬ፣ ይቺን ይፈርሙልኝ።"

"ምንድን ናት?"

"ፕሮግራሙ ጤነኛ ነው የምትል ናት። ለኮሚቴው።"

"ማን ታመመ አለው?"

አልሳቀም። ነርሷ ክብደቱን በእጇ ነክታ አበላሽታለች ተብሎ እየተጻፈባት ነው። ኮሚቴው የሚቀመጠው የሚመጣው ሳምንት ሐሙስ ነው። ጥፋተኛ ከተባለች የሙያ ፈቃዷ ይነጠቃል። እኔ የምፈርመው "በፕሮግራሙ በኩል ችግር የለም" ብዬ ነው። ብዕሩን አነሣሁ። ኧረ አዎ፣ አነሣሁት! ልፈርም ነበር። ሃያ አራት ዓመት ያልተሳሳተ ነገር ነው ብዬ።

ከዚያ እንዲያው አፌ ላይ መጣልኝና "የታተመችውን ወረቀት እስቲ ልያት" አልኩ።

32.00።

ሠላሳ ሁለት ኪሎ! የስምንት ቀን ልጅ! እኔ ራሴ ሠላሳ ሁለት ኪሎ የሞላሁት ስንተኛ ክፍል ስደርስ ነው?

"ነርሷማ ሚዛኑ ያሳየው 3.2 ነው ትላለች" አለ ቶሎቶሎ። "ትላለች" የምትለዋን ጎተት አደረጋት።

3.2… 32.00። ልክ አሥር እጥፍ። ብዕሩን መልሼ አስቀመጥኩና "ነገ" አልኩት። "ቶሎ ነው የሚፈለገው።" "ነገ አልኩህ።"

በሩን ቆልፌ ፕሮግራሙን ከፈትኩ። አሥር ደቂቃ አልፈጀብኝም። ምነው ዓመት በፈጀብኝ!

ለሰው 3.2 ቁጥር ነው። ለማሽን ግን ጽሑፍ ነው፣ ሦስት ምልክት። ጽሑፍ አይባዛም፣ አይካፈልም። መጀመሪያ ወደ ቁጥር መለወጥ አለበት። እኔ ደግሞ በዚያ ዘመን የለወጥኩት በገዛ እጄ ነው። ነጥቡን አውጥቼ እጥላለሁ፣ የቀሩትን አራቱን ቁጥሮች ወደ ግራ እሰበስባለሁ፣ ከዚያ ለማሽኑ "ነጥቡ ከሁለተኛው ቁጥር በኋላ እንዳለ ቁጠረው" እለዋለሁ። ኮቦል እንዲህ ነው። ነጥቡን ራሱን አያስቀምጥም፣ የት እንዳለ ያስታውሳል እንጂ። 03.20 ይመጣል፣ 0320 ይሆናል፣ ሦስት ኪሎ ከሃያ ይነበባል። ሸጋ።

ባዶ ቦታ ካገኘ ደግሞ ፕሮግራሜ አሻፈረኝ ይል ነበር። "አልገባኝም። ሕፃኑን እንደገና መዝኑ።" ብሎ ያትማል፣ ይቆማል። ነርሶቹ በዚህች አንድ ወረቀት ስንቴ ረግመውኛል!

የዛሬ ሁለት ዓመት ቶሎቶሎ መጣ። "እትዬ፣ ይሄ ፕሮግራም ነጋ ጠባ ማጉረምረም ነው። ዝም ያሰኙልኝ።" እኔም ሰለቸኝ። ባዶ ቦታ ሲያገኝ ዜሮ እንዲያደርግበት አንዲት መስመር ጨመርኩ። 03.2 ብለው መጨረሻዋን ባዶ ቢተዉት 03.20 ይሆናል… ምን ጉዳት አለው? ከመስመሯ በላይ ማስታወሻ ጽፌአለሁ። በኮቦል ከፊቱ ኮከብ ያለበትን መስመር ማሽኑ ያልፈዋል፣ ሰው ብቻ ነው የሚያነበው። ዛሬ አነበብኩት። ስሜ፣ ቀኑ፣ ከዚያ "ለጊዜው።"

ለጊዜው! ሁለት ዓመት!

አዲሱ ሚዛን ከፊት ዜሮ አይጽፍም። ማን ነግሮት? 3.2 ብሎ ይልካል፣ ቀሪው ባዶ። ነጥቡ ሲወጣ 32 እና ሁለት ባዶ። ባዶዎቹ በኔ መስመር ዜሮ ሲሆኑ 3200። ነጥቡ ከሁለተኛው በኋላ… ሠላሳ ሁለት ኪሎ።

እኔ ነኝ። እኔው ነኝ።

ሞክሬውም ነበር እኮ። ትልልቆቹ ልጆች ክፍል ሁለት ወር ሠርቷል። 12.5፣ 14.1፣ 10.8… ሁሉም ልክ። ከአሥር ኪሎ በላይ ያለ ሁሉ ልክ ነው የሚመጣው። ከአሥር በታች አንድም ልጅ አልሞከርኩም። የጨቅላ ሚዛን እየገጠምን አንድ ጨቅላ አልሞከርኩም!

ሐሙስ፣ ኅዳር 6

ለቶሎቶሎ ነገርኩት። በሩን ዘጋ። በሩን ሲዘጋ አይቼው አላውቅም።

"መስመሯን ያጥፏት። አሁኑኑ፣ ድምፅ ሳያሰሙ። ከዚያ ይፈርሙ።"

"ሲስተሯስ?"

"ወጣት ናት፣ ሌላ ቦታ ትገባለች።"

"ያለ ፈቃድ የት ነው የምትገባው? ገበያ?"

"እትዬ… መስመሯ ላይ ያለው የማን ስም ነው? የኔ አይደለም።"

ደሜ ፈላ። ግን እውነቱን ነው… የኔ ስም ነው። ዝም ያሰኙልኝ ያለበት ደግሞ የትም አልተጻፈም።

ኮሚቴው ሳያያት አላጠፋትም አልኩት። እሺ ሚዛኑ እስከዚያ ይነቀል፣ ሌላ ሕፃን እንዳይጎዳ። አይሆንም አለ። "ከነቀልነው ጥፋቱን አመንን ማለት ነው።" ይህን ያለው ዓይኑን በጨው አጥቦ ነው። ከዚያ ስልኩን ማየት ጀመረ።

ወጣሁ። ደረጃውን ወረድኩ፣ ያለ ማረፍ፣ ጉልበቴም ምን እንደነካው አልጮኸም። ጨቅላዎች ክፍል ገባሁ። ሚዛኑ መስኮት ሥር ተቀምጧል፣ የሪባኑ ቁራጭ እንኳን አልተነሣለትም። አጎነበስኩ፣ ገመዱን ነቀልኩ፣ ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

"እትዬ፣ ምን እያደረጉ ነው?" አለች አንዷ ነርስ።

"እየሰረቅሁ ነው። ከዛሬ ጀምሮ በእጅ ጻፉ። ዜሮዋን እንዳትረሱ።"

ትርፍ ገመድ ሕንፃው ውስጥ የለም። የገዙት ለየሚዛኑ አንድ አንድ ነው፣ አውቃለሁ። ትልልቆቹ ክፍል ደግሞ "ከአሥር ኪሎ በታች በእጅ ጻፉ" ብዬ በትልቁ ለጠፍኩ።

ዓርብ፣ ኅዳር 7

የታገደችውን ሲስተር ቤቷ ሄድኩ። አድራሻዋን ከዚያችው ነርስ ነው ያገኘሁት። አንድ ክፍል፣ አልጋ፣ ጠረጴዛ፣ መስኮቱ ላይ የታጠበ የሥራ ልብስ ተሰቅሏል። ትናንት አጥባዋለች። ለምን እንዳጠበችው ጠየቅኋት። "ምን አውቃለሁ… ከጠሩኝ ብዬ።"

ነገረችኝ። ወረቀቱ ያለውን ያህል መርፌው ውስጥ ስባ ስትይዘው እጇ ከበዳት። ይህን ያህል ለዚህች ቁራጭ ልጅ? ተረኛውን ሐኪም ደወለችለት። "ወረቀቱ ምን ይላል? እንደ ወረቀቱ አድርጊ" አላት፣ ዘጋው። ሲሶውን ሰጥታ እጇ አልታዘዝ አላት፣ አቆመች። ሲሶው ነው ልጁን ሁለት ቀን ያስተኛው። ሙሉውን ብትሰጠው…

"ሁለት ክስ ነው ያለብኝ እትዬ" አለች። "ክብደቱን ነክተሻል፣ ደግሞ የታዘዘውን ሳትጨርሺ አቁመሻል።"

ሳቅኩ። ከዚያ እሷም ሳቀች። ከዚያ አለቀስን። ምን ይደረግ።

ከዚያ ነገርኳት። ክብደቱን አንቺ አልነካሽም፣ የነካሁት እኔ ነኝ፣ የዛሬ ሁለት ዓመት። ትጮኽብኛለች ብዬ ጠበቅሁ።

"እና ይሉታል?" አለች። "ኮሚቴው ፊት?"

"እለዋለሁ።"

"ሁሉም እንዲህ ነው የሚሉት… ሐሙስ ሲደርስ ግን።"

ስወጣ ደረጃው ላይ "እለዋለሁ፣ ሞቼ ነው የማልለው!" ብዬ ጮኽኩ። ጎረቤቶቿ በር ከፍተው አዩኝ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 8

ቀኑን ሙሉ ከእቴቴ ጋር። የደንበኛ ቀሚስ ጠረጴዛው ላይ ዘርግታለች፣ ሰማያዊ፣ ውድ ጨርቅ። አልነካችውም። ሴትየዋ የወገቧን ልክ በስልክ ጽፋ ልካላት ቁጥሩ አልጣማትም። ደወለች፣ አይነሣም። እንደገና ደወለች።

"ቁረጪውና ተገላገይ፣ ሰባ ነው የሚለው" አልኳት።

"ሴትየዋን አይቻታለሁ። ሰባ አይደለችም።"

"ትቆጣለች፣ ዛሬ ነው የምትፈልገው።"

"ትቆጣ! መቀሱ የማን ነው?"

ቆይታ በመነጽሯ ላይ አሻግራ አየችኝ። ሁሉንም ነግሬአታለሁ፣ ስለ ወረቀቷም።

"ፈርሚና አሥራ አራት ወርሽን ጨርሺ ልልሽ ነበር" አለች። "ግን አውቅሻለሁ። ፈርመሽ ከመጣሽ ይቺን ቤት ነው የምታተራምሻት። ዕቃ ስታጥቢ ስኒ ትሰብሪያለሽ። እኔ ስኒዎቼን እወዳለሁ።"

እንዲህ ነው የምታበረታታኝ። ስድሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው፣ አንድ ቀን እንኳን "አይዞሽ" ብላኝ አታውቅም።

ከሰዓት ሴትየዋ ደወለች። ወገቧ ሰማንያ ነው። ጣቷ ስታ ነው።

ሰኞ፣ ኅዳር 10

ደብዳቤ ደረሰኝ። "የመሥሪያ ቤቱን ንብረት (አንድ ገመድ) ያለ ፈቃድ ወስደዋል፣ በሃያ አራት ሰዓት ውስጥ እንዲመልሱ።" ቶሎቶሎ ፈርሞበታል። ከሥሩ ጻፍኩበት፦ "ገመዱ ደህና ነው። ሐሙስ ይመጣል።" መልሼ ላኩለት።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 11

ወረቀቷ ዛሬም ጠረጴዛዬ ላይ ናት፣ ሳትፈረም። ቶሎቶሎ ብዕር ከላይዋ አስቀምጦልኛል። በብዕሩ የእቴቴን የክር ዝርዝር ጻፍኩ። ጥሩ ብዕር ነው።

ረቡዕ፣ ኅዳር 12

ሕፃኑን አየሁት። ነቅቷል። ሲነቃ መጀመሪያ ያደረገው ማልቀስ ነው አሉ፣ እሰይ። በመስተዋቱ በኩል ቆሜ ሳየው እናቱ ወጣች። ልጅ እግር ናት፣ ዓይኗ ሥር ጠቁሯል።

"እርስዎ ሐኪም ነዎት?"

"አይደለሁም።"

"ታዲያ ምንድን ነዎት?"

ምን ልበላት? ፕሮግራም… ኮቦል… "ሚዛኑ የሚለውን አንብቤ ለመድኃኒቱ የምነግረው እኔ ነኝ" አልኳት። "ልጅሽን ሠላሳ ሁለት ኪሎ ነው ያልኩት እኔ ነኝ። ሲስተሯ አይደለችም። እሷ ናት ያዳነችው።"

አልጮኸችም። ብትጮኽብኝ ይሻለኝ ነበር። በጣም ቀስ ብላ "ይውጡልኝ" አለች።

ወጣሁ። ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። "እጅዎን ይታጠቡ" ይላል ከፊቴ። ያን ያህል አፈርኩ፣ ያን ያህል… ይቅርታ እንኳን አላልኳትም። ረሳሁት። ዋናውን ረሳሁት።

ሐሙስ፣ ኅዳር 13

የስብሰባው ክፍል። ዳይሬክተሯ፣ የነርሶች ኃላፊዋ፣ ቶሎቶሎ። ሲስተሯ ጥግ ላይ፣ ያንን የታጠበ ልብስ ለብሳ። እኔ የተጠራሁት ለአንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ ፕሮግራሙ ጤነኛ ነው አይደለም?

"አይደለም" አልኩ።

ቶሎቶሎ ጉሮሮውን ጠራረገ። "እትዬ ማለት የፈለጉት…"

"ማለት የፈለግሁትን ነው ያልኩት።"

ጠረጴዛው ላይ የውኃ ብርጭቆዎች ነበሩ። አራቱን ሰብስቤ ደረደርኩ፣ አምስተኛውን ከዳይሬክተሯ ፊት አነሣሁት፣ ገና ልትጠጣ ስትል። "ይቅርታ፣ አንዴ ያውሱኝ።" ከኪሴ ትንንሽ ወረቀቶች አወጣሁ፣ ቅዳሜ ቁጥርና ነጥብ የጻፍኩባቸውን። አንደኛው ብርጭቆ ውስጥ 3ን፣ ሁለተኛው ውስጥ ነጥብን፣ ሦስተኛው ውስጥ 2ን ጣልኩ። የቀሩት ባዶ። "ሚዛኑ የላከው ይኸ ነው።" የነጥቡን ብርጭቆ አነሣሁና ሌሎቹን ወደ ግራ ገፋሁ። ሦስት፣ ሁለት፣ ባዶ፣ ባዶ። "ይህችን ደግሞ ያደረግሁት እኔ ነኝ" አልኩና ባዶዎቹ ውስጥ ዜሮ ዜሮ ጣልኩ። ነጥቡን መልሼ ከሁለተኛው ብርጭቆ በኋላ አኖርኩት።

"ያንብቡት" አልኳት።

ዳይሬክተሯ መነጽሯን አደረገች። "ሠላሳ ሁለት" አለች ቀስ ብላ።

"ይህ የብርጭቆ ጨዋታ ነው" አለ ቶሎቶሎ። "በሚዛኑ አልተረጋገጠም። ሚዛኑን ደግሞ ገመዱን ሰርቀው…"

ቦርሳዬን ከፍቼ ገመዱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። "ይኸው። እንውረድ።"

ወረድን፣ ሁላችንም። ገመዱን ሰካሁ። ምን እንመዝን ሲባል ዳይሬክተሯ የእጅ ቦርሳዋን ራሷ አስቀመጠችው። ሚዛኑ 2.4 አለ። ሁላችንም አየን። ማተሚያው ጮኸ፣ ወረቀቷ ወጣች። 24.00።

ዳይሬክተሯ ቦርሳዋን አንሥታ ትከሻዋ ላይ አደረገች። "ሃያ አራት ኪሎ ቦርሳ ተሸክሜ ነው ለካ የምውለው" አለች። አልሳቀችም ግን። ዞራ ቶሎቶሎን አየችው፣ ከዚያ እኔን። "መስመሯ የማን ናት?"

"የኔ። ስሜም ቀኑም አለባት።"

"ለምን ጨመሯት?"

ቶሎቶሎ ጫማውን ያያል። እሱ አዞኝ ነው ማለት እችል ነበር። አልኩም፣ ለምን እዋሻለሁ? "ዝም አሰኚው ተብዬ ነው። ግን እጄን ይዞ ያስጻፈኝ የለም። እምቢ ማለት ነበረብኝ፣ አላልኩም። ዛሬ እያልኩ ነው።"

ሲስተሯ ጥግ ላይ ቆማ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። የነርሶች ኃላፊዋ ትከሻዋን ያዘቻት።

ገመዱን እንደገና ነቀልኩት። በዚህ ጊዜ ማንም ምን እያደረጉ ነው አላለኝም።

ሰኞ፣ ኅዳር 17

አስተካከልኩት። ቋንቋው ራሱ ጽሑፍን ወደ ቁጥር የሚለውጥበት ዝግጁ መንገድ አለው። 3.2ም ይምጣ፣ 03.20ም ይምጣ፣ ነጥቡን ራሱ አይቶ ያነባል። ስንት ዓመት አለ እኮ! እኔ ግን "የሠራሁት ይበቃኛል" ብዬ አልነካሁትም። ትዕቢት ነው፣ ሌላ ስም የለውም።

እሱ ብቻ አይበቃም ደግሞ። ቆሻሻ ሲመጣለትም የሆነ ቁጥር ፈልጎ ሊሰጥ ይችላል። ስለዚህ ከፊቱ ጠባቂ አቆምኩ። እያንዳንዷን ምልክት ያያል። ከቁጥር፣ ከአንድ ነጥብና ከጫፍ ባዶ ሌላ ነገር ካለ… የጨቅላ ክፍል ሆኖ ከሰባት ኪሎ በላይ ካለም… አሻፈረኝ ይላል። ያቺን የድሮዋን ወረቀት መለስኳት። አንዲት ቃል አልለወጥኩባትም።

በዚህ ጊዜ ጨቅላ በጨቅላ ሞከርኩት። 0.9፣ 1.1፣ 2.75፣ 3.2… 3.2ን ዘጠኝ ጊዜ። ሲስተሯ አጠገቤ ቁጭ ብላ ስትጠራልኝ ዋለች። ኮሚቴው እሷ ሳታየው አይሠራም ብሏል። ጎሽ ኮሚቴ።

ቶሎቶሎ መጥቶ "አሮጌዋ መስመር ትጥፋ፣ ፕሮግራሙ ያማረ ይሁን" አለ። አላጠፋኋትም። ኮከብ አደረግሁባት። ማሽኑ አያያትም፣ የሚመጣ ሰው ግን ያያታል። ከሥሯ ጻፍኩ፦ "ይህች መስመር አንድ ሕፃን ሁለት ቀን አስተኝታለች። ማንም ዝም አሰኘው ቢልህ እምቢ በል።" ስሜን አኖርኩ።

ሰኞ፣ ኅዳር 24

ውሳኔው ወጣ። ሲስተሯ ነጻ ናት፣ ነገ ትገባለች። ለኔ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ፣ አንድ ለመስመሯ፣ አንድ ለገመዷ። ከፕሮግራሙም ተነሥቻለሁ። ከሚመጣው ሰኞ ጀምሮ ካርድ ክፍል። የበሽተኛ ካርድ በፊደል ተራ መደርደር… ምድር ቤት ነው፣ ደረጃ የለውም። ጉልበቴ ደስ ይለዋል እንጂ።

ቶሎቶሎ? እሱማ ምን ይሆናል። "የቃል ማስጠንቀቂያ" አሉ። ሲያየኝ አሁን መንገድ ይቀይራል፣ ቶሎ።

አልከፋኝም ብል ውሸት ነው። ሃያ አራት ዓመት… ቁልፉን አስረከብኩ። ግን አንገቴን አልደፋሁም። አልደፋም! የመስመሯ ማስጠንቀቂያ ይገባኛል፣ ፈርሜ ተቀበልኩ። የገመዷን አልፈርምም አልኩ። የገመዷን ነገም እደግመዋለሁ።

እቴቴ ስኒ ሳልሰብር በመግባቴ ተገርማ "ታመምሽ?" አለችኝ።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 9

ካርድ ክፍል። ለ፣ ሐ፣ መ… አቧራ። እዚህ ማንም እትዬ ዜሮ አይለኝም። ገና ስም አላወጡልኝም፣ እያሰቡ ነው።

ከሰዓት ሲስተሯ መጣች፣ ሮጣ፣ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ እያለ። ደነገጥኩ። "ምን ሆነ?" "ምንም አልሆነ፣ ይቀመጡ፣ ይቀመጡ።" ራሷ ቀድማ ተቀመጠች።

ያ ልጅ ለምርመራ መጥቶ ነበር። ባለ ሠላሳ ሁለት ኪሎው። ደህና ነው፣ ጮክ ብሎ ያለቅሳል፣ ሐኪሙ በጆሮውም በዓይኑም ምንም አላገኘበትም። መዘኑት። የሚዛኑ ገመድ ላልቶ ኖሮ የላከው ዝብርቅርቅ ያለ ነገር ነበር፣ አራት፣ ነጥብ፣ ሌላ ነጥብ፣ የማይታወቅ ምልክት። ያኔ ቢሆን ዝም ብሎ ዜሮ ሞልቶ የሆነ ቁጥር ያትም ነበር። ማተሚያው ጮኸ፣ ወረቀቷ ወጣች።

እናትየዋ ከሲስተሯ እጅ ቀማ አደረገቻትና አነበበች። "አልገባኝም። ሕፃኑን እንደገና መዝኑ።" ፊቷ ተለዋወጠ። "ማነው ያልገባው?" አለች።

"እትዬ ዜሮ ናት" አልኳት፣ አለችኝ ሲስተሯ። "ያቺ መጥታ 'እኔ ነኝ' ያለችሽ። ሚዛኑን የምታነበው።"

እናትየዋ ወረቀቷን አጥፋ ያዘች። ልጁን አቀፈች። እስከዚያ ገመዱን አጠበቁት፣ ልጁን መልሰው አስተኙት፣ መዘኑት። 04.10። ልክ።

"ከዚያስ? ምንም አላለችም?"

"አለች እንጂ።" ሲስተሯ ያችኑ 'አልገባኝም' የምትለውን ወረቀት፣ ታጥፋ፣ ከኪሷ አውጥታ ካርዶቹ ላይ አስቀመጠችልኝ። "ለሴትየዋ ስጪልኝ አለች። 'እንኳን አልገባት' አለች።"

ወረቀቷን እዚህ ገጽ ላይ ለጥፌአታለሁ።